ፊደል የማታውቅ ሣጥን

ሀኒ ከአግማስ ጋር ከተኳረፈች ወዲህ ደሴ ፒያሳ ባለው የአባቷ ሱቅ ውስጥ ቀኑ አልመሽ ብሏታል። ገዢ ገብቶ ቻርጀር ሲጠይቃት ሪሞት ታቀርባለች፤ ሪሞት ሲላት ባትሪ ትሰጠዋለች። አባቷ አቶ ወርቅአፈራሁ ይህን ሁሉ ከባንኮኒው ጀርባ ሆነው ያያሉ፤ አይተውም ዝም ይላሉ። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ አባትና ልጅ የሚግባቡት በዕቃ ነገር ብቻ ነው። ስለ ዕቃ ከሆነ ግን ወሬ አያልቅባቸውም።

የዚያን ቅዳሜም በዕቃ ጀመሩ።

«ያቺ የሙዚቃ ሣጥን የት ደረሰች?» አሉ መነጽራቸውን በሸሚዛቸው ጫፍ እየወለወሉ። «ያ የኮምቦልቻው ልጅ እስካሁን ምንም አላለም?»

ሀኒ የተጠቀለለ ገመድ ፈትታ እንደገና መጠቅለል ጀመረች። «አላለም፣ አባዬ።»

«ዱባይ ያለው ሰው ስንት ልላክልህ እያለ ይጨቀጭቀኛል። ስለሺ እንደሆነ ‹ምርጥ ዕቃ ናት፣ በርከት አድርገው ያስመጡ› ብሎኛል።»

«ስለሺ ነክቷት ያውቃል እንዴ?»

«ፎቶዋን አሳይቼዋለሁ» አሉ አቶ ወርቅአፈራሁ። መልሱ ለራሳቸውም ስላልጣማቸው ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዞሩ።

ነገሩን ከሥሩ ላልሰማ ሰው እንዲህ ነው። ሣጥኗ ከዱባይ ለናሙና የመጣች የምት መሥሪያ ናት። ቁመቷ ከጸሎት መጽሐፍ እምብዛም አይበልጥም፤ ፊቷ ላይ የላስቲክ ቁልፎች አራት አራት ሆነው ተደርድረዋል። ከበሮ ትመታለች፣ ቤዝ ትጎትታለች፣ በትንሽዬ ማይክሮፎኗ የሰማችውን ድምፅ ቀድታ ከምቱ ጋር ትቀላቅላለች። ቻርጅ ተደርጋ በቦርሳ ትያዛለች፤ ለሰርግ ተጫዋች ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል? ችግሯ ብቻዋን መቆም አለመቻሏ ነው። ዜማውን ማስተካከል፣ ምቱን ማሳጠርና ማስረዘም፣ የሠሩትን ስም ሰጥቶ ማስቀመጥ፣ ሁሉም የሚሆነው ስልክ ላይ በሚጫን አፕ ነው። አቶ ወርቅአፈራሁ ይህችን ዕቃ የወሎ ሙዚቀኛ ይገዛታል ወይስ መደርደሪያ ላይ አቧራ ትጠጣብኛለች የሚለውን ለመመዘን፣ ለሚያውቅ ሰው በሙከራ ሊሰጧት ፈለጉ።

የሚያውቀው ሰው ኬብል ሊገዛ ገባ። አግማስ ይባላል። ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ፣ ፈትል ክፍል ይሠራል፤ ሺፍቱ ሲፈቅድለት ደግሞ ሰርግ ቤት ኪቦርድ ይጫወታል። ረጅም፣ ቀጭን፣ ከአፉ ይልቅ ጣቶቹ የሚናገሩ ልጅ ነው፤ ኬብሉ እስኪመጣለት ድረስ ባንኮኒውን ሲደልቅ ሀኒ ሳታስበው በእግሯ ተቀበለችው። አየችው፤ አያት፤ ሁለቱም ኬብሉን ረሱት። አቶ ወርቅአፈራሁ ሣጥኗን «ሞክራትና እውነቱን ንገረኝ» ብለው ሰጡት። ልጃቸውንም አብረው እየሰጡ መሆኑን አላወቁም።

አፑ የሚከፈተው በሱቁ ኢሜይል ነው። በአግማስ ስልክ ተጫነ፤ ዕቃውን እንድትከታተል ተብሎ በሀኒም ስልክ ተጫነ። እሱ ኮምቦልቻ ላይ ሠርቶ ያስቀመጠው ምት ደሴ እሷ ስልክ ላይ ይደርሳል። መጀመሪያ ላይ ለምቶቹ ቁጥር ብቻ ነበር የሚሰጣቸው። አንድ ቀን ግን «ናፍቆት» የሚል መጣ። ሀኒ ሱቅ ውስጥ እንደቆመች ፊቷ ጋለ። ከፈተችው፤ ምቱ መሃል ጭብጨባ ጨመረችበትና «እኔም» ብላ አስቀመጠችው። ከዚያ ወዲያ ምት መላኩ ቀርቶ ደብዳቤ መጻጻፍ ሆነ። «ደከመኝ» ይላታል፤ «አይዞህ» ትለዋለች። «ሐሙስ ደሴ» ይላታል፤ ሐሙስ እስኪደርስ ሱቁ ውስጥ የሚሰበር ዕቃ ይበዛል።

ብቻ ሣጥኗ ፊደል አታውቅም። አፑ በአማርኛ ከጻፉበት ባዶ ካሬዎች ይደረድራል፤ ስለዚህ አማርኛውን በፈረንጅ ፊደል፣ ለዚያውም በአጭር በአጭሩ መጻፍ ግድ ነበር።

ጠቡን ያመጣው የስለሺ ነገር ነው። ስለሺ የአቶ ወርቅአፈራሁ የቆየ ወዳጅ ልጅ ነው፤ አባቱ ደሴ ውስጥ የጅምላ መጋዘን አላቸው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ጨዋታውም ደስ ይላል። ጥፋቱ ማንንም ላለማስቀየም ሲል ሁሉን «ጥሩ ነው» ማለቱ ነው። የእሱ ቤተሰብ ሀኒን ሊጠይቅ እንዳሰበ ወሬው ሲደርሳት፣ አግማስን መናኸሪያ ድረስ ሸኘችውና ከኮምቦልቻው ሚኒባስ አጠገብ ቆማ «ሽማግሌ ላክ» አለችው።

አግማስ መሬት መሬቱን አየ። «ትንሽ ታገሺኝ።»

«እስከ መቼ?»

«ማንን ልላክ፣ ሀኒ? አባት የለኝም። ያሳደገኝ አጎቴ መሪጌታ ነው። ኪቦርድ ከነካሁ ወዲህ ‹ዘፋኝ ልጅ የለኝም› ብሎ ደጁን ዘግቶብኛል።»

«እንግዲያው አንኳኳው።»

«አንኳኩቼ አይቻለሁ።»

«አንድ ጊዜ አንኳኩቶ የሚመለስ ሰው ለኔስ ምን ይሆነኛል?» አለች፤ ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ለራሷም መረራት። «ሺፍትህን ጠብቄያለሁ። የሰርግ ወቅትህን ጠብቄያለሁ። አሁን ደከመኝ። ቆርጠህ እስክትወስን እንዳትደውልልኝ።»

እውነቱን ለመናገር ይህን ያለችው እንዲደውል ነው። አግማስ ግን የተባለውን የሚያደርግ ሰው ሆነባት። ሚኒባሱ የሐረጎን ቁልቁለት ሊይዝ ሲነሳ በመስኮቱ አንዴ ዞሮ አያት፤ ከዚያ ወዲህ ስልኩም ዝም፣ አፑም ዝም። ሀኒ ያንን እይታ በየቀኑ ታወጣና ታየዋለች፤ አንድ ቀን ፍቅር ነው ትላለች፣ በማግስቱ ስንብት ነው ትላለች።

ወደ ቅዳሜው እንመለስ። አባቷ ፊታቸውን ወደ መንገዱ እንዳዞሩ ስልኳ ጮኸ። የአፑ ምልክት ነው። ከስንት ዝምታ በኋላ አግማስ አዲስ ምት አስቀምጧል። ስሙ tewat ይላል።

ተዋት።

ተዋት? ማን ነው እንዲህ ያለው? አጎቱ ናቸዋ። ሄዶ አንኳኩቷል ማለት ነው፤ እሳቸውም «የነጋዴ ልጅ ላንተ ምን ትሆንሃለች፣ ተዋት» ብለውታል፤ እሱም እሺ ብሏል፤ ፊት ለፊት መናገር ስላፈረ የምት ስም አድርጎ ልኮላታል። የተናደደ ልብ እንዲህ ነው፤ አንድ ቃል ከሰጡት ሙሉ ታሪክ ይጽፍበታል።

ምቱን ከፈተችው። ከበሮው ዝግ ያለ ነው። ሁለት ጊዜ ይመታል፤ ከዚያ ምንም። ረጅም ባዶ። እንደገና ሁለት ጊዜ ይመታል፤ እንደገና ባዶ። ለስንብት የተሠራ መሰላት። በሣጥኗ ማይክሮፎን የተቀዳ ድምፅ ዋይፋይ እስኪያገኝ ድረስ ከሣጥኗ እንደማይወጣ፣ ስልኳ የሚያሰማት ከበሮውን ብቻ እንደሆነ፣ ሌላ ቀን ቢሆን ለገዢ የምታስረዳው ነገር ነው። የዚያን ቀን አልታወሳትም። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል።

ከጎን ሻርፕ የምትሸጠው ጓደኛዋ ሱዓድ ፊቷን አይታ ሱቋን ጥላ መጣች። ሀኒ ስልኩን ሳታሳያት ነገሩን ብቻ ነገረቻት። «‹ተዋት› አለ፣ ሱዓድ። አጎቱ ናቸው ያስጻፉት።»

«አግማስ?» ሱዓድ ራሷን ነቀነቀች። «ወላሂ እሱ እንዲህ አይልም። ደውዪና ጠይቂው።»

«ደሞ እኔ ልደውልለት?»

«አንቺ ነሻ፤ አትደውል ያልሽው አንቺ አይደለሽ? ኩራት እራት አይሆንም።»

«አልደውልም።»

«እሺ፣ አብሽሪ፣ አትደውዪ። ግን እስከ ነገ ድረስ ለማንም ምንም አትበዪ፤ አደራሽን።»

ሀኒ አደራውን ተቀበለች፤ ግን እስከ ሱቁ መዝጊያ እንኳ አላደረሰችውም። አባቷ የብረቱን በር በግማሽ አውርደው ቆሙ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ስለ ዕቃ እንዳልሆነ ከአቋቋማቸው አወቀች።

«የስለሺ አባት ደውሎ ነበር» አሉ። «ሽማግሌ ከመላኩ በፊት የልጅቱን ሐሳብ ጠይቅልኝ ነው የሚለው። እኔ... ምን ልበለው?»

ከአባቷ ጀርባ ፒያሳ ውስጥ ባጃጆች እየተጋፉ ያልፋሉ። ሀኒ ያን ሁለቴ መትቶ ዝም የሚል ከበሮ በጆሮዋ ውስጥ ሰማችው።

«እንዳልክ፣ አባዬ።»

«እንዳልክ ማለት እሺ ነው?»

«እሺ ነው።»

አቶ ወርቅአፈራሁ እንደ ሸክም አውራጅ ተነፈሱ። በሩን እንኳ አውርደው ሳይጨርሱ ስልካቸውን አወጡ። «ወንድሜ፣ ቃሌን ሰጥቼሃለሁ» ሲሉ፣ ከስንት ጊዜ በኋላ ድምፅ አውጥተው ሲስቁ ሰማቻቸው። ሀኒ የአባቷን ሳቅ ትወደው ነበር፤ የዚያን ቀን ግን ጆሮዋን መሸፈን አማራት።

እሁድ ጠዋት ቤታቸው ያለበት የቧንቧ ውሃ ሰፈር በጭጋግ ተሸፍኖ አረፈደ። ሱዓድ የሆነውን በስልክ ሰምታ ገና በማለዳ መጥታለች፤ «ለአንድ ቀን እንኳ አደራ አትችዪም?» ብላ ተቆጣቻት፤ ከዚያ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ፀጉሯን ታበጥርላት ጀመር። የግቢው በር ሲንኳኳ ሱዓድ በመስኮት አጮልቃ አየች።

«ሽማግሌዎች ናቸው። ሁለት ናቸው።»

«የስለሺ ናቸዋ» አለች ሀኒ። «ምን እንዲህ አስቸኮላቸው?»

መኝታ ቤቱን ከሳሎኑ የሚለየው መጋረጃ ብቻ ነው። አቶ ወርቅአፈራሁ እንግዶቹን ሲያስገቡ ሁሉም ይሰማል።

«ኖር፣ ኖር፤ ቁጭ በሉ።»

«የመጣንበትን ሳንናገር አንቀመጥም» አሉ ነጭ ጥምጥም ያደረጉት ሽማግሌ። ወፍራም ጋቢ ለብሰዋል፤ ከጋቢያቸው ሥር አንድ ነገር አቅፈዋል። «መሪጌታ ገብረ ማርያም እባላለሁ፤ ከደሴ ዙሪያ ነኝ። እኚህ ጋሽ ዘካሪያ ናቸው፤ ከኮምቦልቻ። ልጃችን እሳቸው ግቢ ተከራይቶ ይኖራል። አግማስ ይባላል።»

ሀኒ የሱዓድን ክንድ ጨመቀችው። ‹ተዋት› ያሉት ሰው እዚህ ምን ያደርጋሉ?

«አግማስ?» አሉ አባቷ። «ሣጥኗን የወሰደው ልጅ?»

«እሱው ነው። ሴት ልጅዎን ለወንድ ልጃችን ልንጠይቅ ነው የመጣነው። ጥሪት የለውም፤ ያንን አንደብቅም። ሥራ ግን አይንቅም፤ ውሸትም አይችልበትም።»

«እኔ አከራዩ ነኝ» አሉ ጋሽ ዘካሪያ፣ ኮፍያቸውን እያስተካከሉ። «አከራይ የመሰከረለት ተከራይ፣ ወላሂ፣ እንደልብ አይገኝም።»

አቶ ወርቅአፈራሁ አልሳቁም። «እግራችሁን ስላነሳችሁ አከብራችኋለሁ» አሉ። «ግን ዘገያችሁ። ትናንት ለሌላ ሰው ቃሌን ሰጥቻለሁ።»

«ልጅቱ ተጠይቃለች?»

«ተጠይቃለች። እሺ ብላለች።»

ሀኒ ከመጋረጃው ጀርባ ግራ ገባት። አጎቱ ተዋት ካሉት ስለ ምን መጡ? ከመጡስ እሱ ስለ ምን ተዋት አለ? አንዱ ከሌላው አልገጥም አላት፤ የገባት ነገር ቢኖር የሆነ ነገር ከእጇ እያመለጠ መሆኑ ብቻ ነው።

«የእግዚአብሔር ፈቃድ ይሁን» አሉ መሪጌታ በመጨረሻ። «እንግዲያው አደራችንን መልሰን እንሂድ።» ከጋቢያቸው ሥር ሣጥኗን አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሯት። «ልጁ ይችን ዕቃ መዝንልኝ ብለው ሰጥተውት ነበርና፣ መልሱን ይዛችሁልኝ ሂዱ ብሏል።»

አቶ ወርቅአፈራሁ ነጋዴ ናቸው፤ በሐዘንም በሰርግም መካከል ቢሆን ስለ ዕቃ ሲነሳ ጆሯቸው ይቆማል። «ምን አለ?»

«እንዳለኝ እናገራለሁ፤ አፕ የሚለውን ነገር እኔ አላውቀውም። ‹ዕቃዋ ቆንጆ ናት፣ ድምጿም ጥሩ ነው። ግን ያለ ስልክ ግማሽ ናት። ኔትወርክ ሲሄድ ትደነዝዛለች። እሷ በአራት በአራት ነው የምትቆጥረው፤ የእኛን ጭፈራ ለማስያዝ አፑ ውስጥ ገብቶ ብዙ መነካካት ይጠይቃል። አምባሰልንም አታውቀውም፤ ድምፁን አንድ በአንድ ማስተማር ነው። አፑ ነገ ከነገ ወዲያ ቢቀየርና መሥራት ቢያቆም ደግሞ ገዢው የሚመጣው እርስዎ ሱቅ ነው። ለራሴ ወድጃታለሁ፤ ለእርስዎ ግን ብዙ አያስመጡ እላለሁ› ነው ያለው።»

አቶ ወርቅአፈራሁ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። «ልጄን በሚያስጠይቅበት ቀን ዕቃዬን ያጣጥላል?»

«እኛስ ምን አልነው?» አሉ ጋሽ ዘካሪያ። «‹ይሄንን እንኳ ለሌላ ቀን አቆየው› ብለን ለምነነዋል። ‹ገንዘባቸውን ሳያፈሱ ዛሬውኑ ይስሙ› አለን። ግትር ነው።»

አባቷ ሣጥኗን አንስተው በመዳፋቸው ገለበጧት። ምን እንደሚያስቡ ሀኒ ከመጋረጃው ስንጥቅ ታያለች። ፎቶ አይቶ «ምርጥ ናት» ያለው አንድ ሰው ነው፤ ሠርቶባት፣ ወዷት፣ «አያስመጡ» ያለው ሌላ ሰው ነው። ቃል የሰጡት ለፊተኛው ነው።

«እኔም እኮ ይህን ዕቃ ስጸየፍ ነው የኖርኩት» አሉ መሪጌታ፤ አሁን ድምፃቸው ወደ ራሳቸው የሚናገሩ መሰለ። «ልጁን በዚህ ሰበብ ከደጄ አባርሬው ነበር። ባለፈው ሰሞን መጥቶ ደጄ ላይ ተቀመጠ። አላስገባሁትም። ሲነጋጋ ወደ ቤተ ክርስቲያን ልሄድ ስወጣ እዚያው ቁጭ ብሏል፤ ከንፈሩ ጠቁሯል። ‹ልትዘፍን ነው የመጣኸው?› አልኩት። ‹አይደለም፤ አጎቴ ሆነህ ሽማግሌ እንድትሆንልኝ ነው› አለኝ። ይኸን ጋቢዬን አወለቅሁና አለበስኩት። እንግዲህ ምን አደርጋለሁ?» ወደ ሣጥኗ ጎንበስ አሉ። «የዚያን ዕለት በግቢዬ የቀዳት አለች። ይችኛዋ ናት ቁልፏ ብሎኛል።»

በደረቅ ጣታቸው ተጫኗት።

ከበሮው ሁለት ጊዜ መታ። ሀኒ አወቀችው፤ ትናንት ቀኑን ሙሉ ጆሮዋ ውስጥ ሲመታ የዋለ ከበሮ ነው። ቀጥሎ ባዶው እስኪመጣ ጠበቀች። ባዶው አልመጣም። በባዶው ቦታ አውራ ዶሮ ጮኸ። ኩኩሉ። ከበሮው መታ፤ ዶሮው ጮኸ። የመሪጌታ ገብረ ማርያም አውራ ዶሮ፣ ጉሮሮውን ዘርግቶ፣ ሳሎኑን አናወጠው።

ጋሽ ዘካሪያ ሳቃቸውን መቆጣጠር አቅቷቸው ኮፍያቸውን አወለቁ። ሱዓድ አፏን በሁለት እጇ ያዘች። ሀኒ ግን ስልኳን አንስታ ስሙን እንደ አዲስ አየችው። ‹ተ›ም ‹ጠ›ም በፈረንጅ ፊደል አንድ ናቸው።

«‹ይህን ትናንት ልኬላታለሁ› ብሎናል» ሲሉ ሰማች መሪጌታን። «‹ጠዋት እንደምትሄዱ ታውቃለች፤ ትጠብቃችኋለች› ነው ያለን።»

ጠዋት። ተዋት አላለም። ጠዋት ነው ያለው። ደጅ ላይ ቁጭ ብሎ ያነጋው፣ አጎቱን የታረቀው፣ ሽማግሌ የላከው፣ እሷ «አንኳኳው» ስላለችው ነው። አትደውል ስላለችው አልደወለም። እሷ ደግሞ በዚያው ቀን ለሌላ ሰው እሺ አለች። ልብ ካላየ ዓይን አያይም ማለት ይኸው ነው። ደስታው ከጸጸቱ ጋር አንድ ላይ መጣ።

ሽማግሌ ቤት ውስጥ ሳለ ሳይጠሯት የምትወጣ ሴት ልጅ የለችም። ሱዓድ ይህን እያወቀች መጋረጃውን ራሷ ገለጠችላት።

«አባዬ» አለች ሀኒ።

ሦስቱም ዞሩ። ፀጉሯ ግማሹ ተበጥሯል፣ ግማሹ አልተበጠረም።

«ትናንት እሺ ያልኩህ ተሳስቼ ነው። እሱ ‹ጠዋት› ብሎ የላከልኝን እኔ ‹ተዋት› ብዬ አነበብኩት። የተወኝ መስሎኝ ነው፣ አባዬ። ተናድጄ ነው እሺ ያልኩህ። አግማስን እወደዋለሁ። ቀድሜ ልነግርህ ይገባ ነበር። እናቴ ብትኖር ለሷ እነግራት ነበር። ላንተ ግን ከዕቃ ሌላ ነገር እንዴት እንደሚነገር አላውቅም።»

አቶ ወርቅአፈራሁ ሶፋው ላይ ተቀመጡ። መነጽራቸውን አወለቁ፤ አልወለወሉትም። መሪጌታ ሣጥኗ ላይ እንዳቀረቀሩ ናቸው።

«ቃል ሰጥቻለሁ፣ ሀኒ» አሉ አባቷ። «እንደዋዛ የሰጠሁት አይደለም። ከሰውየው ጋር ከልጅነታችን ነው የምንተዋወቀው። አባቶቻችን ምን ይላሉ? ከተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ይላሉ።»

ተረቱን ሁሉም ያውቀዋል፤ ሁሉም በሌላ ሰው ላይ ተርቶታል። አቶ ወርቅአፈራሁ ልጃቸውን ቀና ብለው አዩዋት። ስንት ጊዜ እንዲህ እንዳላዩዋት ያኔ ነው የገባቸው። ዓይኗ አብጧል። ከንፈሯን ነክሳለች፤ ልክ እናቷ ስታዝን እንደምትነክሰው።

«ይህን ተረት ያወጣው ሰው» አሉ ቀስ ብለው፣ «ሴት ልጅ አልነበረችውም መሰለኝ።»

ስልካቸውን አወጡ። ውጭ ወጥተው አልደወሉም፤ እዚያው ሽማግሌዎቹ ፊት ደወሉ።

«ወንድሜ፣ ይቅርታ ልጠይቅህ ነው። ትናንት የሰጠሁህን ቃል ልበላብህ ነው... የለም፣ የስለሺ ጥፋት የለበትም፤ ጨዋ ልጅ ነው። የእሷም ጥፋት አይደለም። በር ላይ ቆሜ በአንድ ቃል ጠየቅኳት፤ መልሷን በቅጡ ሳላዳምጥ ላንተ ደወልኩ። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ከወዲያ የሚመጣው ንግግር ረዘመ። ምን እየተባሉ እንደሆነ አይሰማም፤ አቶ ወርቅአፈራሁ ግን ጎንበስ ብለው «ልክ ነህ» ይላሉ። እንደገና «ልክ ነህ»። በፒያሳ ነጋዴ ሁሉ ፊት ቀና ብለው የሚሄዱ ሰው ናቸው፤ እንዲህ ሲጎነበሱ ሀኒ አይታ አታውቅም። ስልኩን ሲዘጉ ፊታቸው ላይ ላብ ነበር።

«ለእናንተም ዛሬ መልስ የለኝም» አሉ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረው። «አንድ ወዳጄን አስቀይሜያለሁ፤ በዚሁ ቀን ለሌላ ሰው እሺ ማለት ነውር ነው። ተመልሳችሁ ኑ።»

ልጁን መስጠት የማይፈልግ አባት «ተመልሳችሁ ኑ» አይልም። መሪጌታ ያውቃሉ፤ ጋሽ ዘካሪያም ያውቃሉ። ሁለቱም እጅ ነሥተው ወጡ፤ ጋሽ ዘካሪያ ግቢው በር ላይ እንደደረሱ ስልካቸውን ሲፈልጉ ኪሳቸውን ሁሉ ዳበሱ። ኮምቦልቻ ላይ አንድ ሰው የእሳቸውን ስልክ ይጠብቃል።

ሀኒ ልትሮጥ፣ ልትደውል፣ ስሙን ልትጠራ ትችል ነበር። አልወጣችም። አባቷ ሶፋው ላይ ብቻቸውን ተቀምጠው የተዘጋውን ስልክ ያያሉ። ሄዳ እግራቸው ሥር ተቀመጠችና ጉልበታቸውን ሳመች። እጃቸውን ራሷ ላይ፣ ባልተበጠረው በኩል አኖሩት። አባቷ ይህን ያህል እንደሚወዷት አታውቅም ነበር። ለአግማስ ልታለቅስ የነበረውን ሁሉ ለሳቸው አለቀሰችው።